በቀኝ የመጣችው ጀልባ

የባሕር ሕግ የተማርኩት ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ ጭቃ መንገድ ላይ ነው። ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ መዝገቡ፣ የጭነት መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን ስለነበር ሦስት አራት ወር ባሕር ላይ ይቆይና ለጥቂት ሳምንት ቤት ይመጣል። ሲመጣ እጄን ይዞ ሰፈሩን ያዞረኛል። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ሁለት ቀጫጭን መንገዶች ይቋረጣሉ። በአራቱም በኩል የቆርቆሮ አጥር ስላለ፣ ከወዲያ የሚመጣው ሰው የሚታየው አፍንጫችን ስር ሲደርስ ነው። እዚያ ያቆመኝና ይጠይቀኛል።

«አሁን መርከብ ነሽ። በቀኝሽ ሌላ መርከብ እየመጣ ነው። ማን ይለፍ?»

«እሱ።»

«አንቺስ?»

«መንገድ እለቃለሁ። በኋላው አልፋለሁ።»

«በግራሽ ከመጣስ?»

«እሱ ይለቃል። እኔ መንገዴን አልቀይርም።»

«ትልቅ መርከብ ቢሆንስ? ከአንቺ መቶ ጊዜ የሚበልጥ?»

ይህችን ጥያቄ ሁልጊዜ ለመጨረሻ ያቆያት ነበር። እኔም መልሷን እንደ ጸሎት አጥንቻት ነበር። «ባሕር ላይ ትልቅና ትንሽ የለም። ቀኝና ግራ ነው ያለው።» ይስቅና ግንባሬን ይስመኛል። አፉ ሁልጊዜ የሜንታ ከረሜላ ይሸት ነበር።

ሕጉን ሰፈር ውስጥ ልሠራበት ብዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥተውኛል። ልጅ ለትልቅ መንገድ ይለቃል፤ ጨዋ ልጅ ደግሞ አጥሩ ላይ ተለጥፋ አንገቷን ትደፋለች። እኔ በግራዬ በሚመጡ ሽማግሌ ፊት ቀጥ ብዬ አልፋለሁ፣ በቀኜ ለሚመጣ አህያ ግን ቆሜ አሳልፋለሁ። «የመዝገቡ ልጅ ምን ነካት?» ይባል ነበር። ጨዋታው የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አናስ።

አናስ መንገዱ ጥግ ላይ ሱቅ ያላት የእትዬ ቀመሪያ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቁጭ ሲል አባቴ ነው መርከብ ላይ ያስቀጠረው። ሥራው መሪ መያዝ ነበር። መኮንኑ «ቀኝ» ሲለው «ቀኝ፣ ጌታዬ» ብሎ ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ያዞራል። የተባለውን ሳይደግም ማዞር ክልክል ነው። ለእረፍት ሲመጣ መስቀለኛዋ ላይ ካገኘኝ ባለበት ቀጥ ይልና፣

«መርከብ ጸደንያ! በግራዎ ነኝ! እለቃለሁ፣ ጌታዬ!» ይላል።

«ልቀቅ!» እለዋለሁ።

«ለቅቄያለሁ፣ ጌታዬ! ጭነትዎ ምንድን ነው?»

«ሁለት ዳቦና ላምባ!»

«ላምባውን ዳቦው ላይ እንዳያፈሱት፣ ጌታዬ!»

ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔን «ጌታዬ» ያለኝ ሰው በሕይወቴ እሱ ብቻ ነው።

በ1988 ሐምሌ አባቴ ሳይጠበቅ መጣ። ሻንጣው ባዶ ነበር። ሁልጊዜ የሚያመጣልኝ ነገር አይጠፋም ነበርና አኮረፍኩ፤ ሄጄም ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ያ መጋረጃ ብቻ ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ስለሚደበድበው እናቴና አባቴ የሚያወሩት ጮክ ብለው ነበር። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። እናቴ ተናኘወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ጥቁር ጫማውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠ፤ ከጫማው በስተቀኝ፣ ራቅ አድርጎ የክብሪት ቀፎ አኖረ።

«በቀኛችን ነበረች፣ ተናኝ። ጠራራ ፀሐይ፣ ባሕሩ ዝም ያለ። የዓሣ አጥማጆች የሞተር ጀልባ። ከሩቅ አይቻታለሁ።»

«እሺ?»

«'ካፒቴን፣ በቀኛችን ናት፣ እኛ ነን የምንለቀው' አልኩ። 'ይቺ?' አለኝ። 'ለይቺ ብዬ ይህን ሁሉ ብረት ላዞር? እሷ ትልቀቅ፤ ዓይን የላትም?'»

«አንተስ ምን አልክ?»

አባቴ የክብሪቱን ቀፎ በጣቱ ወደ ጫማው ገፋ፣ ገፋ አደረገው።

«አንዴ ነገርኩት። ካፒቴኑን እንዴት ደግሜ እላለሁ? አናስ መሪውን እንደያዘ ሁለቴ ዞሮ አየኝ። ዝም አልኩ። አጠገባችን ስትደርስ ካፒቴኑ 'ግራ!' ብሎ ጮኸ። ግራ ማለት እኮ እሷ የምትሄድበት ነው! አናስ 'ግራ፣ ጌታዬ' ብሎ ደገመና አዞረ።»

ጫማው ክብሪቱ ላይ ወጣ። ቀፎው ሲጨፈለቅ ሰማሁት።

«ስንት ሰው ነበረባት?» አለች እናቴ።

«አራት። አንዱን አወጣነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ሦስቱ ዋኝተው ቤታቸው የገቡ መሰለኝ። ዓሣ አጥማጅ አይደሉም እንዴ?

ሦስቱ ሰዎች የሞቱት ሕግ ስላከበሩ ነው። ያቺ ጀልባ መንገዷን ያልቀየረችው ሕጉ «አትቀይሪ፣ በግራሽ ያለው ይለቅልሻል» ስለሚላት ነው። እኔ በስድስት ዓመቴ የማውቀውን እነሱም ያውቁ ነበር። ያመኑት ያንን ነው።

በሦስተኛው ቀን ካፒቴን ወጋየሁ ቤታችን መጣ። ስሙ እኛ ቤት ከጸሎት ጋር ነበር የሚጠራው። ባሕር ኃይል ውስጥ የአባቴ አለቃ ነበር። በ1983 ባሕር ኃይሉ ሲበተን አባቴ የመን ደርሶ ተመልሶ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ ወጋየሁ ነው ፈልጎ አግኝቶ መርከብ ላይ ያስቀጠረው። እናቴ ከምግብ በኋላ «ወጋየሁን ያኑርልን» ሳትል ከገበታ ተነስታ አታውቅም።

እሱ ሲገባ አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። ካፒቴኑ በዚያው መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ በገዛ ቤቱ «ተቀመጥ እንጂ» እስኪባል ድረስ ቆሞ ቆየ። እኔን የሳበኝ ግን ካፒቴኑ ያመጣው ትልቅ የብስኩት ጣሳ ነበር። ክዳኑ ላይ በበረዶ የሚሄድ ሠረገላ ተሥሏል። እናቴ ከፈተችውና በሣህን አቀረበችው። ካፒቴኑ የሲጋራ መተርኮሻውን ወደ ጠረጴዛው መሐል ሳበ፤ ከሣህኑ አንድ ብስኩት አንስቶ በስተቀኙ አስቀመጠ።

«በል እስቲ፣ አደጋውን የሚያጣራው ኮሚቴ ፊት እንደምትናገረው አድርገህ ንገረኝ።»

«በቀኛችን ጀልባ አየሁ። ለእርስዎ ነገርኩ...»

«አልነገርክም። ለምን ትነግረኛለህ? እኔም አይቻት ነበር። አይቼም 'ቀኝ' ብዬ አዘዝኩ። በኋላዋ ልናልፍ። አይደለም?»

አባቴ ብስኩቱን ያያል።

«መዝገቡ፣ አይደለም ወይ?»

«...'ቀኝ' ብለው አዘዙ።»

«መሪ የያዘውስ?»

«ግራ አዞረ።»

«ለምን?»

«እንጃ...»

«'እንጃ' አይባልም። ደነገጠ። ልጅ ነው፣ ይደነግጣል፣ ያለ ነው። እሱ ምን ይሆናል ብለህ ነው? ወጣት ነው፣ ዓለም ሰፊ ነው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል። አንተ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነህ። እኔ ጡረታ ለመውጣት ዓመት ቀረኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ለአንዲት ቁራጭ እንጨት ልዋረድ? አይደለም እንዴ፣ ተናኘወርቅ?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እርስዎ ያሉት ነው» አለች።

«እንደገና ከመጀመሪያው።»

አባቴ አምስት ጊዜ አለው። ቆጥሬያለሁ። በአምስተኛው አልተደናቀፈም።

የቆጠርኩት እኛም ትምህርት ቤት እንደዚያ ስለነበር ነው። ስንሳሳት መምህራችን በቀይ ይሰርዙታል፣ ከስሩ ትክክለኛውን አምስት ጊዜ ያስጽፉናል። አባቴ ተሳስቶ ነበር፣ ካፒቴኑ አረመለት፤ እኔ የገባኝ ይኸው ነው። ለእናቴ የነገራት የተሰረዘው ነው፣ አሁን የሚለው የታረመው። አባቴ እንዲህ ቀላል ነገር በመሳሳቱ አፈርኩለት። ካፒቴኑ ደግሞ እንዴት ያለ ትዕግሥተኛ ሰው ነው! አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸበትም።

ሲነሳ አየኝ። «አንቺ፣ እዚያ ነበርሽ እንዴ? ነይ» አለና ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ብስኩት፣ ጀልባዋን፣ አንስቶ ሰጠኝ። በላኋት። ቅቤዋ ምላሴ ላይ ቀለጠ። ደግማችሁ ስጡኝ ብዬ አስቸገርኩ።

ኮሚቴው የተባለው ሰኞ ተሰበሰበ። አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሄደ። ሲመለስ ምሳ አልበላም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። «ደክሞት ነው» አለችኝ እናቴ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአናስን የመርከበኛነት ደብተር ቀሙት። ያለዚያ ደብተር ማንም ሰው የትኛውም መርከብ ላይ አይረግጥም። ወረቀቱ ላይ የሦስቱ ሰዎች ሞት በእሱ ስህተት ነው ተብሎ ተጻፈ። አባቴና ካፒቴኑ መስከረም ላይ ወደ መርከባቸው ተመለሱ።

እነሱ ሊሄዱ አካባቢ ነው ሳሙና ግዢ ተብዬ ወደ እትዬ ቀመሪያ ሱቅ የሄድኩት። ሱቁ በርበሬና ላምባ ይሸታል። እትዬ ቀመሪያ ሳሙናውን ከመደርደሪያ አወረደችና ሳትሰጠኝ ያዘችው።

«ጸዲዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የኔ እናት። ልጄ 'የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት' ይለኛል። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ሌላ ይላሉ። ኮሚቴ ለትልቅ ያደላል፣ እሱን ተይው። ልጅ ግን አይዋሽም። አባትሽ ቤት ውስጥ ሲያወራ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«'ግራ' ያለው ማነው?»

ሁለቱንም አውቅ ነበር። ጫማውንና ክብሪቱን አይቻለሁ፣ መተርኮሻውንና ብስኩቱንም አይቻለሁ። ግን የተሰረዘውን መልስ ደብተሩ ላይ ጽፎ የሚያስረክብ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

«ካፒቴኑ 'ቀኝ' አለ» አልኳት። «አናስ ደንግጦ ግራ አዞረ።»

ሳሙናውን እንደያዘች አተኩራ አየችኝ። ያላመነችኝ መሰለኝና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩበት። «አናስ ቀኝና ግራውን አይለይም።»

ከሱቁ ጀርባ፣ ከጆንያዎቹ በኩል አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። አናስ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ በጓሮ በኩል ወጣ። እትዬ ቀመሪያ ዞራ አላየችውም። ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ፤ እስከዚያን ቀን ድረስ እጄ ላይ ነበር የምታኖረው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ «አናስ ግራው» አለው። ልጆቹ በሱቁ በኩል ሲያልፉ «ግራው! ግራው! የቱ ነው ቀኝህ?» እያሉ ይሮጣሉ። እኔም ሮጫለሁ። ድምፄ ቀጭን ስለነበር ከሌሎቹ ለይቶ ሳይሰማው አይቀርም። ዓመት ሳይሞላ ሰፈሩን ለቅቆ ወደ ፉሪ ሄደ።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሌላ መጽሐፍ ስፈልግ የባሕር ትራፊክ ደንብ እጄ ላይ ወደቀ። ደንቡ የሚለው አጭር ነው። የሁለት የሞተር መርከቦች መንገድ ሲቋረጥ ሌላውን በቀኙ የሚያየው ይለቃል፤ አስቀድሞ ይለቃል፣ በግልጽ ይለቃል፣ ፊቱን አቋርጦ አያልፍም። ማዕረግ የሚል ቃል አልነበረበትም። ውለታ የሚል ቃልም ፈልጌ አጣሁ። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ወሬዎች ጎን ለጎን የቆሙልኝ። የመጀመሪያው ስህተት እንዳልነበረ ገባኝ። ካፒቴኑ የሰረዘው ሦስት ሬሳና አንድ ሰው ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ታመምሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፤ ስናደድ ደህና ነኝ እላለሁ።

እንደዚያ እያልኩ አራት ዓመት ፈጀሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጀልባዋ በየት እንደመጣች፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ዝም እንዳለ። ካፒቴኑ «ትልቀቅ» ካለ በኋላ አባቴ ለአራት ደቂቃ ያህል ዝም ማለቱን የገመትኩት በራሴ ነው። ወረቀቱን አባቴ ፊት አስቀመጥኩት። ጡረታ ወጥቶ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ሊፈርም ነው አልኩ።

«አራት» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «ስድስት» ብሎ ጻፈ።

«ስድስት ደቂቃ ነበር» አለኝ። «ሰዓቴን አይቻለሁ።»

እስክሪብቶውን ከደነው።

«ፈርምበት፣ አባዬ።»

«ወጋየሁ በሕይወት እያለ?»

«አናስም በሕይወት አለ።»

«አንቺ የዚያን ሰው ውለታ አታውቂም። የበላሽው እንጀራ፣ የተማርሽበት...»

«ሦስቱ ሰዎችስ? ስማቸውን እንኳ ታውቀዋለህ?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም ነበር። ከፍ አድርጌም አላውቅም፤ በዚያ ቤት ያደገ ሰው ከየት አምጥቶ? ወረቀቱን አጠፍኩና ወጣሁ።

አናስን ፉሪ አገኘሁት። ጎሚስታ ከፍቷል። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፣ ጸጉሩ ሸሽቷል። ስሜን ስነግረው ጎማውን መሙላቱን አላቆመም። ወረቀቱን ሰጠሁት። በጣቶቹ ጫፍ ይዞ አነበበው፤ «ስድስት» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የአቶ መዝገቡ ጽሑፍ ነው» አለ። «ስድስት? እኔ ግማሽ ሰዓት ነበር የመሰለኝ።»

«አናስ፣ ይቅርታ... ያን ቀን ሱቅ ውስጥ...»

«ለእኔ ምን ታነቢልኛለሽ? እዚያው ነበርኩ እኮ።» ወረቀቱን መለሰልኝ። «ለእናቴ አንብቢላት። በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ ለሦስቱ ሰዎች ሰደቃ ታወጣለች። 'ልጄ ለጨረሳቸው' ብላ። ተዪ ብዬ ደከምኩ። ኮሚቴውን አላመነችም ነበር፣ ታውቂያለሽ? አንቺን ነው ያመነችው።»

የአየር መጭመቂያውን አስነሳ፣ ጩኸቱ መሐላችን ገባ።

እትዬ ቀመሪያ ያው ሰፈር ናት። ሱቁን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ ከኋላው ያለችው ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ዓይኗ ደክሟል። ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት።

«እዚያች ጋ ድገሚልኝ» አለች። «'ግራ' ያለው ማነው?»

«ካፒቴኑ።»

«ልጄስ?»

«የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሻሿን ፈትታ እንደገና ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ከዘራዋን ፈለገች፣ ተነሳች።

«እትዬ ቀመሪያ፣ ወዴት ነው?»

«ነይ፣ ምሪኝ።»

መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ትከሻዬን ይዛ፣ ሰላም ለሚሏት ሳትመልስ፣ ደጃችን ደረሰች። የቆርቆሮውን በር በመዳፏ መታችው።

«መዝገቡ!»

ዕድሜዋን ሁሉ «አቶ መዝገቡ» ነበር የምትለው። ጎረቤቶቻችን በራቸውን ከፍተው ወጡ። አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ እንደጣለ መጣ፣ እናቴ ከኋላው።

«እንዴ፣ ቀመሪያ! ምነው ደጅ ቆምሽ? ግቢ እንጂ።»

«አልገባም። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት በልጅህ አፍ ነገርከኝ፣ አምኜ ከልጄ ፊቴን አዞርኩ። ዛሬም በልጅህ አፍ ላክህብኝ። እሷ ምን አደረገች? አፍ የለህም? በል፣ በራስህ አፍ ንገረኝ። 'ግራ' ያለው ማነው?»

አባቴ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። አስተያየቱን አውቀዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ፣ ወሬ ሲከብድ፣ «አንቺ የተማርሽው ተናገሪ» ሲል የሚያየኝ ነው። እናቴ «ጸዲ፣ ወንበር አምጪላት» አለች። አልተንቀሳቀስኩም። እትዬ ቀመሪያ አጠገብ፣ ከበሩ ውጭ ቆምኩ።

«ካፒቴን... ካፒቴን ወጋየሁ» አለ አባቴ ከጋቢው ስር፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«አልተሰማኝም» አለች እትዬ ቀመሪያ። «ልጄን የሰደበው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይስማ። ጮክ በል!»